የሞተሩ መብራት ለምን ይበራል?

በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ

በአውቶሞቢል የተሳፈረ ሰው ሁሉ ከመሪው በስተፊት ባለው ሰሌዳ ላይ አንዲት ብጫ መብራት አይቶ ይሆናል። መልኳ የሞተር ሥዕል ነው። ትንሽ ናት፤ ድምፅ የላትም፤ መኪናውንም አታቆምም። ስለዚህ ብዙ ባለመኪናዎች «እሷ ሁልጊዜም ትበራለች፤ ምንም አይደል» እያሉ ያልፏታል። እኔም ከአንድ ዓመት በፊት ስለዚህች መብራት የማውቀው ነገር አልነበረም። ዛሬ ጥቂት አውቃለሁ፤ ያወቅሁትም በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በቤታችን በደረሰው ችግር ነው። ስለሆነም ትምህርቱ ለሌላው እንዲተርፍ በማሰብ፣ በዓመቱ መጽሔታችን ላይ ያቅሜን ያህል ለመጻፍ ተነሣሁ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ለሰው ነበር። ለመኪናም እንደሚሆን ግን እነሆ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

በቤታችን የደረሰው

አባቴ ለ14 ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ዕቁቡ ሲደርሰው፣ አጎቴም የጎደለውን ሲያበድረው፣ አንዲት አሮጌ የቤት አውቶሞቢል ገዝቶ ለራሱ የታክሲ ሥራ ጀመረ። መኪናዋ ታጥባና ተወልውላ ስትመጣ አዲስ ትመስል ነበር። ሞተሯ ሲነሣ በሰሌዳዋ ላይ የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት አልነበረም። አባቴን ደስ ያሰኘው ይኸው ነበር። እናቴም ቡና አፍልታ፣ ፈንዲሻ በትና፣ ጎረቤት ጠርታ አስመረቀችው።

ሁለት ወር ያህል ደኅና ሠራች። ከዚያ በኋላ ግን በቆመችበት ብርድ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደውን ዳገት ስትወጣ ጉልበት አነሳት። የቤንዚኑም ወጪ ከቀን ወደ ቀን ጨመረ። አባቴ አንድ ጊዜ «ዳገቱ ነው» ይላል፤ ሌላ ጊዜ «ቤንዚኑ ነው» ይላል። ወደ አንድ ጋራዥ ቢወስዳት ዘይት ቀይረው፣ ገንዘብ ተቀብለው፣ «ደኅና ናት» ብለው መለሱለት። በጥር ወር ግን ሦስት ሰው ጭና ዳገት መውጣት ተሳናት፤ ከሥሯም የጋለ ብረት ሽታ ይወጣ ጀመር።

በሠፈራችን ብዙ ዘመን በመካኒክነት የሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። አባቴ ለመናቸውና አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። የሞተሩን ክዳን ይከፍታሉ ብለን ስንጠብቅ፣ እሳቸው ከሾፌሩ ወንበር ተቀምጠው ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ አዞሩ። የሰሌዳው መብራቶች ሁሉ በሩ። አዛውንቱ ትክ ብለው አይተው፣

«የሞተሯ መብራት የታለች?» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ እሷስ አንድ ቀን በርታ አታውቅም» አለ አባቴ ደስ እያለው።

«አይ ልጄ፤ ደኅና መኪና ቁልፍ ሲዞርላት መብራቷን አብርታ ‹አለሁ› ትላለች፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ታጠፋለች። ይቺ ዝም ያለችው ጤነኛ ስለሆነች ሳይሆን አፏን ስለ ተያዘች ነው።»

ሰሌዳው ተፈትቶ ሲወጣ፣ በሞተሩ መብራት ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ናስትሮ ተለጥፋ ተገኘች። ማን እንደ ለጠፋት አናውቅም። ናስትሮዋ ተነሥታ ሞተሩ ሲነሣ መብራቷ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። አባቴ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ግን በዚያው ሳምንት አዛውንቱን እየተከተልሁ፣ የፊዚክስ መምህራችንንም እየጠየቅሁ ነገሩን ከሥሩ ለመማር ወሰንሁ። የተማርሁትም የሚከተለው ነው።

ሞተር ምን ይሠራል?

የቤንዚን ሞተር ሥራው አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ፣ አምቆ፣ በካንዴላ ብልጭታ ማንደድ ነው። የነደደው ጋዝ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ፒስተኑም ዋናውን ዘንግ ያዞረዋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ይነዳል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር እንግዲህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 100 ጊዜ እሳት ያነዳል ማለት ነው። ይህን ቁጥር በፊዚክስ ደብተራችሁ ላይ ሠርታችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፤ በአራት ምት የሚሠራ ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ እንደሚነዳ ብቻ አትርሱ።

እሳቱ ደኅና ሆኖ እንዲነድ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። ቤንዚኑ ከበዛ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ገንዘብም ይባክናል። አየሩ ከበዛ ደግሞ ሞተሩ ይደክማል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይነድም። በቀድሞ ዘመን ይህን ልክ የሚመጥነው ካርቡራተር ነበር፤ መካኒኩም በጠመንዛዥ ያስተካክለው ነበር። ነገር ግን አየር በሁሉ ሥፍራ አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ለጅቡቲ ወደብ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል፤ ለዚህ የተስተካከለውም እዚያ ሲወርድ ያሳንሳል። ይህን ሥራ በዛሬዎቹ መኪናዎች ውስጥ ያለ ሰው እጅ የሚሠራው ኮምፒውተር ነው።

የሞተሩ ዘበኞች

ኮምፒውተሩ ዓይንና ጆሮ የለውም። ስለዚህ ሴንሰር የሚባሉ ዘበኞች በየቦታው ቆመውለታል። አንዱ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ይለካል። ሌላው የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት ይነግራል። ሌላው በዋናው ዘንግ አጠገብ ቆሞ የዘንጉን አዟዟር ይቆጥራል። ሌላው ደግሞ በጭስ ማውጫው ቧንቧ ውስጥ ተተክሎ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይመረምራል።

ከነዚህ ሁሉ የኦክስጅኑ ዘበኛ ሥራ በጣም ያስደንቃል። በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ያለው ዓይነት፣ ኦክስጅን የተረፈ እንደሆነ 0.1 ቮልት ያህል፣ ኦክስጅን ያለቀ እንደሆነ 0.9 ቮልት ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ኮምፒውተሩም ይህን እያየ ቤንዚኑን አሁን ጨምር አሁን ቀንስ ይላል። ወጥ የምትሠራ እናት ቀምሳ ጨው እንደምትጨምር ማለት ነው፤ ልዩነቱ ኮምፒውተሩ መቅመሱን ሞተሩ እስኪጠፋ አለማቋረጡ ነው።

የዋናው ዘንግ ዘበኛም የራሱ ብልኀት አለው። አንድ ሲሊንደር ሳይነድ ሲቀር፣ ተራው በደረሰ ቁጥር ዘንጉ ለቅጽበት ይዘገያል። አንድ እግሩ የታመመ ሰው ሲራመድ በዚያው እግሩ ላይ እንደሚያነክስ ያለ ነው። ኮምፒውተሩ ያችን መዘግየት ቆጥሮ ሦስተኛው ነው፣ አራተኛው ነው ብሎ ይለያል።

ከዘበኞቹ የሚመጣው ወሬ ከልኩ ሲወጣ ኮምፒውተሩ በመዝገቡ ላይ አንድ ፊደልና አራት ቁጥር ይጽፋል። ይህ ኮድ ይባላል። ብዙዎቹን ጥፋቶች አንድ ጊዜ ስላየ ብቻ መብራቱን አያበራም፤ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ሲደገሙ ነው የሚያበራው። በሦስት ተከታታይ ጉዞ ካልተደገሙ ደግሞ ራሱ ያጠፋዋል፤ ኮዱን ግን ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ቀዝቅዞ እስኪሞቅ ድረስ በመዝገቡ ያቆየዋል። እንግዲህ መብራቷ በርታ ብትጠፋም ነገሩ ተረሳ ማለት አይደለም።

መብራቷ ከየት መጣች?

እኔ ይህች መብራት የባለመኪናውን ኪስ ለመጠበቅ የተሠራች ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካን አገር የሎስ አንጀለስን ከተማ ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚከረክር ጉም ሸፈናት። የጦርነት ጋዝ የመሰላቸውም ነበሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሪ ሀገን-ስሚት የተባሉ በሆላንድ የተወለዱ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ ጉሙ የሚፈጠረው ከአውቶሞቢልና ከነዳጅ ፋብሪካዎች የሚወጣው ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ሲለወጥ መሆኑን አስረዱ። ካሊፎርኒያ ከ1966 ጀምሮ የመኪና ጭስ በሕግ እንዲወሰን አደረገች። በ1975 ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው የጭስ ማጣሪያ በአሜሪካን መኪናዎች ላይ በብዛት መግጠም ተጀመረ።

ይህ ማጣሪያ በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ የሚገኝ ሣጥን ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሸክላ ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹ እንደ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ባሉ ውድ ማዕድኖች ተቀብተዋል። 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ሥራውን ይጀምራል፤ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልነደደውንም ቤንዚን ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። በቀድሞው ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ግን ያበላሸዋል፤ እርሳስ የገባበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ላይ ፈጽሞ የቀረው አልጄሪያ መሸጡን ባቆመች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ማጣሪያ መግጠም ብቻ አልበቃም፤ ሲበላሽ ማን ያውቃል? የሚል ጥያቄ ተነሣ። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ከ1988 ጀምሮ መኪናው ራሱን እንዲመረምርና ጥፋቱን በመብራት እንዲናገር አዘዘች። ከ1996 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ኮድና 16 ቀዳዳ ያለው አንድ ዓይነት መሰኪያ ግዴታ ሆነ። በአውሮፓም ለቤንዚን መኪናዎች ከ2001 ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። እንግዲህ ይህች ብጫ መብራት የተወለደችው በመንገድ ዳር ለሚሄደው እግረኛ ሳንባ ሲባል ነው። የባለመኪናውን ኪስ መጠበቋ በትርፍነት የተገኘ ጥቅም ነው።

ለመብራት የሚያበቁ ምክንያቶች

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን ብቻ ላስረዳ።

1ኛ/ የቤንዚን ታንክ ክዳን አለመጥበቅ። በአንዳንድ መኪናዎች ላይ ከታንኩ የሚወጣው ትነት ስለሚመረመር፣ ያልጠበቀ ክዳን መብራቱን ያበራል። ይህ በእጅ የሚፈወስ ነው፤ መብራቱ ግን ከጥቂት ጉዞ በኋላ ነው የሚጠፋው።

2ኛ/ የካንዴላ ማርጀት ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል መበላሸት። የአባቴ መኪና በሽታ ይህ ነበር።

3ኛ/ የኦክስጅኑ ሴንሰር ማርጀት። በዚህን ጊዜ ኮምፒውተሩ የሚያምነው ዘበኛ ስለሌለው ቤንዚን ያባክናል።

4ኛ/ ያልተመጠነ አየር መግባት። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ ወይም በአቧራ የቆሸሸ የአየር መለኪያ የኮምፒውተሩን ሒሳብ ያሳስተዋል። አቧራ በሚበዛበት መንገድ የሚሠራ መኪና ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት።

5ኛ/ ውሃ ወይም ላምባ የገባበት ቤንዚን።

6ኛ/ የካታሊቲክ ኮንቨርተር መድከም። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ አንዳንድ የኦክስጅን ሴንሰር አለ። የኋለኛው የፊተኛውን ያህል መዋዠቅ ሲጀምር ማጣሪያው አልሠራም ማለት ስለሆነ ፒ 0420 የሚባለው ኮድ ይጻፋል።

ኮድ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም

አዛውንቱ መካኒክ መመርመሪያቸውን ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ሲሰኩ ፒ 0303 የሚል ኮድ ወጣ። ትርጉሙ 3ኛው ሲሊንደር አልነደደም ማለት ነው። እኔ «እንግዲያው ካንዴላ እንግዛ» አልሁ። እሳቸው ሣቁና፣ «ኮዱ የት እንደሚያም ነገረን እንጂ ለምን እንደሚያም አልነገረንም» አሉ። ከዚያም የ3ኛውን ኮይል ነቅለው በ2ኛው ላይ፣ የ2ኛውን በ3ኛው ላይ ተከሉ፤ ኮዱን አጥፍተው መኪናዋን ነዱ። ሲመለሱ ኮዱ ፒ 0302 ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው። እንግዲህ ካንዴላውም፣ ቤንዚን የሚረጨውም ዕቃ ከጥፋቱ ነፃ ሆኑ። አንዲት ሳንቲም ሳናወጣ በደሉን ከነባለቤቱ ያዝነው። በሳይንስ ክፍል አንዱን ነገር ብቻ ለውጠህ ውጤቱን ተመልከት እየተባልን የምንማረው ይህንኑ ነው።

ኮይሉ ተገዝቶ ሲገጠም ሞተሩ ጸጥ አለ። የመኪናዋ ጉልበት ግን አልተመለሰም። መብራቷም ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና በራች፤ ኮዱ አሁን ፒ 0420 ነው። ማጣሪያው ተፈትቶ ሲታይ የማር እንጀራው ቀልጦ ግማሽ ቀዳዳው ተደፍኗል። ምክንያቱም ለብዙ ወር በ3ኛው ሲሊንደር ሳይነድ የወጣው ቤንዚን እዚያ ሣጥን ውስጥ ሲነድ ኖሯል። የጋለ ብረት የሸተተንም እሱ ነበር። አንዲቱ ኮይል በጊዜዋ ተቀይራ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር። መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትለውም እንዲህ ያለው አደጋ ሲመጣ ነው፤ «ማጣሪያው እየተቃጠለ ነው» ማለቷ ነበር። ግን አፏ ተይዟል።

አንድ ጋራዥ «ማጣሪያውን አውጥተን ባዶ ቧንቧ እንበይድልህ፤ ርካሽ ነው» ብሎት ነበር። አባቴ ሁለት ቀን አሰበበት። ታናሽ እኅቴ አስም አለባት፤ በመንገድ ጭስ ምን ያህል እንደምትሠቃይ ያውቃል። በመጨረሻ ከተጋጨ መኪና የወጣ ደኅና ማጣሪያ ፈልጎ አገኘ። ለዚህም የእኅቴ የትምህርት ክፍያ ለአንድ ወር ቆየ፤ አባቴም 19 ቀን ያለ ሥራ ተቀመጠ። የአጎቴ ብድር እስከ ዛሬ ተከፍሎ አላለቀም።

መብራቷን ስናይ ምን እናድርግ?

ብጫዋ መብራት ሳታቋርጥ ከበራች፣ መኪናው እንደ ወትሮው የሚሄድ ከሆነ ወዲያው መቆም አያስፈልግም፤ ነገር ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ይመርመር። ብልጭ ድርግም ካለች ፍጥነት መቀነስ፣ ደኅና ሥፍራ ሲገኝ መቆምና መካኒክ መጥራት ይገባል። ከዚህች መብራት ጋር መምታታት የሌለባቸው ሌሎችም አሉ። ቀይዋ የዘይት ማሰሮ ሥዕል ስትበራ የዘይቱ ግፊት ወድቋል ማለት ስለሆነ፣ ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ካልጠፋ ተፋቅቶ ይበላሻል። ቀይዋ የሙቀት መለኪያ ሥዕል ስትበራም መቆም ግድ ነው፤ ራዲያተሩንም ትኩስ እንዳለ መክፈት ፊትን ያቃጥላል።

የባትሪ ሽቦ ነቅሎ መብራት ማጥፋት ጥፋቱን አያድንም፤ መዝገቡን ብቻ ይፍቃል። ሐኪሙ ሳያይ የበሽተኛውን ካርድ እንደ መቅደድ ነው።

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ ይህችን አንዲት ነገር አይርሳ፤ ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ያዙር፤ የሞተሯ መብራት መብራት አለባት። ሞተሩ ሲነሣ ትጥፋ። ቁልፍ ሲዞር ያልበራች መብራት ከበራችው ይልቅ ታስፈራለች። ይህ ምርመራ የሚፈጀው አምስት ሰከንድ፣ የሚያስከፍለውም ምንም ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ወሰነ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌዎች ከባለቤት ወደ ባለቤት እየተዘዋወሩ ገና ብዙ ያገለግላሉ። ስለዚህ ይህን ማወቅ ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን እሑድ ናስትሮዋ ስትነሣ አዛውንቱ መካኒክ «ይህን የለጠፈ ሰው መኪናዋን አላዳነም፤ ጉዳቱን ለሌላ ሰው አስተላለፈ» ሲሉ፣ እኔ ከአባቴ ፊት ፊቴን አዞርሁ። በዚያው ሳምንት የሒሳብ ፈተናዬን ከ20 አራት አግኝቼ ወረቀቱን ከመደርደሪያ ሥር ደብቄው ነበር። እኔም እንግዲህ የራሴን መብራት በናስትሮ ሸፍኛለሁ። በማግሥቱ ወረቀቱን አውጥቼ ለአባቴ ሰጠሁት። ጥቂት ዝም ብሎ አየውና «ገና ሳይቃጠል ስላመጣኸው ደግ አደረግህ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ሒሳብ ማጥናት ጀመርሁ፤ በዓመቱ መጨረሻም አለፍሁ።

መኪናዋ ዛሬ ሥራ ላይ ናት። አባቴ ጧት ጧት ቁልፉን ሲያዞር መብራቷ በርታ እስክትጠፋ ድረስ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። እኛም ትምህርት ቤት ለመሄድ ከኋላ ተቀምጠን አብረን እንጠብቃለን።